ተቃጠለ የተባለው ፕሮሰሰር

የባሌን ታላቅ ወንድም ፊት ለፊት ሳገኘው «ጋሼ» እያልኩ፣ «እርስዎ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ዛሬም ብንገናኝ እንደዚያው ነኝ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታዬን አልሰጠውም። ያደረገኝን የማውቀው እኔ ነኝ፤ «እሱ» ይበቃዋል።

ያኔ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ። የኮሌጅ ተማሪዎች ሊመረቁ ሲሉ ደግሞ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው ይመጡና አስተካክዬ አትምላቸዋለሁ። የዓመቱ እንጀራዬ ያለው በዚያ ሰሞን ነው። ሁለት ኮምፒውተር ነበረኝ፤ አንዱ አርጅቶ ከማመልከቻ በላይ የማይችል፣ ሌላው ዋናው። ዋናውም ቢሆን ያገለገለ ነበርና ፎቶና ሠንጠረዥ የበዛበት ጽሑፍ ሲከፈትበት ይንቀራፈፋል። ደንበኛ ከኋላዬ ቆሞ እየተነፈሰ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ሲቀር እንዴት እንደሚያሳፍር እኔን ጠይቁኝ።

የባሌ ወንድም አዲስ አበባ ጥቂት ወራት የኮምፒውተር ጥገና ተምሮ መጥቶ፣ ከእኔ ፈንጠር ብሎ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ሰርተፊኬቱን በመስታወት አስገብቶ ከበሩ ትይዩ ሰቅሎታል። ለቤተሰቡ የዓይን ብሌን ነው፤ እናታቸው ስለ ኮምፒውተር ቀርቶ ስለ ጉልበታቸው ሕመም እንኳ የሚያማክሩት እሱን ነበር። አንድ ቀን ግንቦት ላይ መጣና ማሽኔ ሲንፏቀቅ አየ።

«አዲስ መግዛት ምን ያደርግልሻል? ፕሮሰሰሩን ብቻ እንቀይረዋለን። ክንፍ ያወጣል!» አለኝ።

ፕሮሰሰር የማሽኑ አእምሮ ነው፤ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ጠፍጣፋ ነገር። ማዘርቦርድ ደግሞ እሱም ሌላውም ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ። ይህን ያህሉን ያኔም አውቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ማዘርቦርዱ ይቀበለው ይሆን?» ብዬ ጠየቅሁት። ጠይቄያለሁ! አልጠየቀችም የሚል ካለ ዓይኔን እያየ ይንገረኝ።

ሳቀብኝ። «ከገባ ይሠራል» አለኝ።

ይህን ብሎ ማሽኑን እንኳ ሳይከፍት፣ ሣጥኑ ፊት ላይ የተለጠፈውን ስም አነበበና አዲስ አበባ ላለ ነጋዴ ደወለ። እኛ ዘንድ ማሽን የሚታወቀው በሣጥኑ ነው፤ ውስጡን ማንም አይጠይቅም። ያገለገለ ማሽን ደግሞ ሣጥኑ የአንዱ፣ ውስጡ የሌላው ይሆናል። እሱ ያደረገው የሰውን ጋቢ አይቶ የጫማ ቁጥሩን እንደመናገር ነው። ነጋዴውም የተባለውን ስም ሰምቶ ዕቃውን በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላከለት።

ፕሮሰሰሩ እንደደረሰ መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? በማይጠፋ ማርከር ጀርባው ላይ የሱቁን ምልክት አደረገበት። የሚሸጠውን ሁሉ እንደዚያ ያደርግ ነበር፤ ሰው አስመስሎ ሌላ ዕቃ እንዳይመልስበት። ከዚያ የድሮውን ፕሮሰሰር ነቅሎ ኪሱ ከተተ፤ በስምምነታችን ከዋጋው ላይ የሚታሰብለት ነበር። አዲሱን አስቀመጠው። ቦታው ላይ ልክክ አለ። ማቀዝቀዣውን ገጠመና «አየሽ?» አለኝ።

ቁልፉን ተጫንን። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር። ድምፅ የለ፣ ጽሑፍ የለ። ነቀለ፣ መለሰ፤ አሁንም ጥቁር። ግንባሩ ማላብ ጀመረ። እኔ ቀደም ብዬ የፋኑን አቧራ በጨርቅ ጠርጌለት ነበርና ጨርቁ እጄ ላይ ነው። ዓይኑ እዚያ ላይ አረፈ።

«በዚህ ነካሽው? በዚህ ጨርቅ? አቃጠልሽዋ! ጨርቅ ሲታሽ የሚፈጥረውን ኤሌክትሪክ ለቀቅሽበት! አለቀለት፣ ሞተ!»

እኔ የጠረግሁት ፋኑን፣ ያውም ፕሮሰሰሩ ሳይገባ። ይህን ብናገርም ማን ሊሰማኝ? እሱ ሰርተፊኬት አለው፣ እኔ ጨርቅ ይዣለሁ።

እቤት ቢቀር ኖሮ እተወው ነበር። እሑድ ግን ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሰላም ይባባላል። ከጓደኞቹ አንዱ «የወንድምህ ሚስት ማሽን እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቀው። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላው ቆሜያለሁ።

«አቃጠለችው!» አለ ጮክ ብሎ። «ሴትና ማሽን ምን አገናኛቸው?»

ሳቁ። ሽማግሌው ሳቀ፣ ወጣቱ ሳቀ፣ መምህሩ ሳቀ፣ ከእኔ ዘንድ ማመልከቻ የሚያጽፉ ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ። ደሜ ፈላ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሰኞ ጀምሮ ታሪኩ ሌላ ሆነ። አንድ ተማሪ ፍላሹን ሰጥቶኝ፣ መልሶ ከእጄ ወሰደው። «ይቅርታ እህቴ፣ ሌላ ቅጂ የለኝም» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልፈረድኩበትም። ሌሎቹ ግን ደጄ ደርሰው የሱቄን ስም ያነቡና «ይቺ ናት እንዴ አቃጣይዋ?» ብለው ያልፋሉ። የእኔ ሥራ ማለት ሰው ሌላ ቅጂ የሌለውን ነገር አምኖ የሚሰጠኝ ማለት ነው። ያ ስም ከሄደ ጠረጴዛውና ወንበሩ ምን ይሠራልኛል? በዚያ በምርቃት ሰሞን አሮጌው ማሽን ፊት ተቀምጬ ዝንብ ሳባርር ዋልኩ።

ባሌ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ድምፁ ከፍ ብሎ አይሰማም፤ ሰው ሁሉ በጨዋነቱ ያመሰግነዋል። ማታ ማታ ስበሳጭ ትከሻዬን እያሻሸ፣ «ተይው በቃ፣ ሰው ይረሳዋል። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይለኛል። እኔም ይህ ሰው ባይኖረኝ ምን ይውጠኝ ነበር እል ነበር።

አልተውኩትም። አቃጠለች ያለው ምላስ አላቃጠለችም እስኪል፣ ያውም እዚያው ዛፍ ሥር፣ እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ከዚያ ካቻቪቴ ይዤ ማሽኑን ከፈትኩ።

እሱ ያላየውን አየሁ። ማዘርቦርዱ ላይ፣ ራም የሚባለው ማስታወሻው በሚሰካበትና ካርዶቹ በሚገቡበት መካከል፣ በነጭ የተጻፈ ፊደልና ቁጥር አለ። የቦርዱ ትክክለኛ ስም እሱ ነው። አቧራውን እፍ ብዬ ገለበጥኩትና ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ያኔ ኢንተርኔት ማለት አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው አግብቶ የሚወልድበት ነበር። ተቀመጥኩ፣ ጠበቅሁ። ቦርዱን የሠራው ድርጅት ቦርዱ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች አንድ በአንድ ዘርዝሮ አስቀምጧል። የእኔ አዲሱ የለም። ወደ ታች ወረድኩ፣ የለም። አንብቤ አንብቤ ነገሩ ገባኝ፤ መሰኪያው የድሮውም የአዲሱም አንድ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ ልክክ ይላል። ቦርዱ ግን የቀድሞው ትውልድ ነው። አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም፤ ሊያስተዋውቀው የሚችል ማሻሻያም አልወጣለትም። የማያውቁት ሰው በር ላይ ቆሞ ቢያንኳኳ ዝም እንደሚባለው ዝም ብሎታል።

አልተቃጠለማ! ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፤ ሰው ዞሮ አየኝ።

ግን ምን ዋጋ አለው? ይህን ይዤ ብሄድ «ቦርዱ ባይቀበለውም አንቺ አቃጥለሽዋል» ይለኛል። አውቀዋለሁ፣ ዓይኑን በጨው ያጠበ ነው። ፕሮሰሰሩ በሕይወት እንዳለ ማሳየት ነበረብኝ፤ ለዚያ ደግሞ የሚያውቀው ቦርድ ያስፈልገኛል።

ደምበጫ ፎቶ ቤት ያላት አብሮ አደጌ ትዝ አለችኝ። በቅርቡ አዲስ ማሽን አስገብታ ነበር። ደወልኩላትና «የማሽንሽን ሣጥን ክፈቺና ቦርዱ ላይ ያለውን ፊደል አንብቢልኝ» አልኳት።

«አብደሻል? ሙሽሮች ፎቶ ሊወስዱ ቆመዋል!» አለች። ግን ከፈተችው። እሷ በስልክ እያነበበች እኔ እየጻፍኩ፣ ኢንተርኔት ቤት ተመልሼ ከዝርዝሩ ጋር አስተያየሁት። የእሷ ቦርድ ፕሮሰሰሬን ይቀበላል። ቢሆንም በቃ አላልኩም፤ ‹ከገባ ይሠራል› ያለው ሰው የት እንዳደረሰኝ አይቻለሁ። ባዮስ የሚባለው፣ ማሽኑ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም፣ ቁጥሩ ዝርዝሩ ላይ ከተጠቀሰው በታች እንዳይሆን አስነብቤ አረጋገጥኩ። የኃይል መስጫዋ የፕሮሰሰሩን ኃይል እንደሚችል አየሁ። ራሟም የሚሄድ ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ማጣራት እሱ ያንን ስልክ ከመደወሉ በፊት ሊያደርገው የሚገባ ነበር፤ አንድ ቀን አይፈጅም።

ደምበጫ ልሄድ ነው ስለው የባሌ ፊት ልውጥ አለ። «በዚህ ዝናብ? ለምን ትደክሚያለሽ? ተይው አልኩሽ እኮ» አለኝ። አሳዘነኝ፤ ለእኔ አስቦ መሰለኝ።

ፕሮሰሰሩን በስፖንጅ ጠቅልዬ ሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ ባጃጁም ፈረሱም ጭቃው ላይ ተቆላልፎ ሚኒባሱ መግባት አቅቶት በእግሬ ወርጄ ደረስኩ። የጓደኛዬን ማሽን ከፈትን። የእሷን ፕሮሰሰር ቀስ አድርጌ አወጣሁ፣ የእኔን አስቀመጥኩ፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ነጭ ቅባት ቀባሁ፣ ማቀዝቀዣውን ገጠምኩ። ቁልፉን ከመጫኔ በፊት ሁሉንም እንደገና አየሁ። የሰው ንብረት ነዋ! ባበላሸው አሁን እውነትም አቃጣይዋ ልሆን ነው።

ቁልፉን ተጫንኩ። ‹ቢፕ› አለ። ስክሪኑ በራ፤ የፕሮሰሰሩ ስም ከነፍጥነቱ ወጣ። እሰይ! የጉርድ ፎቶ የሚነሡበት ወንበር ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቅሁ። ጓደኛዬ «አሁን ሂጂና አደባባይ ላይ አውጪበት!» አለችኝ።

«አልሄድም። እሱ ራሱ በእግሩ ይመጣል» አልኳት።

ብሮጥለት ‹ሌላ ፕሮሰሰር ገዝታ ነው› ይላል። እኔ የምፈልገው ‹ይህ የእኔ ነው፣ ይህ ሞቷል› ብሎ በሽማግሌ ፊት እንዲናገር ነው። ስለዚህ ሰላምታ ነሳሁት። በቃ፣ ሌላ ምንም አላደረግኩም። መንገድ ላይ ሳገኘው አንገቴን ቀና አድርጌ ማለፍ፣ እናታቸው ቤት ዝክር ሲኖር አለመሄድ። እኛ አገር የወንድም ሚስት ሰላም ሳትል ስታልፍ ሰው ያያል፤ ይጠይቃል። እሱ ደግሞ መከበሩን ከምግብ አስበልጦ ይወዳል። ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ ሳንታረቅ ጾሙ እንዳይገባ ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ። የበደለኝ እሱ፣ ከሳሽም እሱ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«እሺ፣ ግን እኔ ቤት ይሁን» ብዬ ላክሁ። ከደምበጫ የጓደኛዬን ማሽን ለአንድ ቀን ተዋስኩ። በላስቲክ ተጠቅልሎ በሚኒባስ ሲመጣ ከመናኸሪያው ተሸክሞ ያመጣው ባሌ ነው። ምን ልታደርጊበት ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

የንስሐ አባታችንና ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ተቀመጡ። እሱ በአንድ በኩል፣ እኔና ባሌ በሌላ በኩል። ወጉ ከሳሽ ይቀድማልና ተናገረ። ለእኔ ብሎ እንደደከመ፣ እኔ ዕቃውን እንዳቃጠልኩበት፣ ሳይበቃኝ ሰላምታ እንደነፈግሁት። አባ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

«አባ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አልኩና ፕሮሰሰሩን ከሳሙና ማስቀመጫው አውጥቼ እጁ ላይ አኖርኩት። «ጋሼ፣ ይህን ያውቁታል?»

ገልብጦ አየው። «የእኔ ነው። ምልክቴ አለበት።»

«ተቃጥሏል?»

«አንቺ ነሻ ያቃጠልሽው።»

«አባ ባሉበት፣ መስቀሉ ባለበት ሞቷል ይላሉ?»

«ሞቷል አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ ገለጥኩት። የጓደኛዬ ማሽን ሣጥኑ ተከፍቶ፣ የፕሮሰሰሩ ቦታ ባዶ ሆኖ ተቀምጧል። «እንግዲያው ይህን የሞተ እዚህ ላይ ይግጠሙልኝ» አልኩት።

ጎንበስ አለ። ዓይኑ በቀጥታ የሄደው ራሙና ካርዶቹ መካከል ወዳለው ነጭ ጽሑፍ ነው፤ ያኔ የእኔን ማሽን ሲሠራ አንዴ እንኳ ወዳላየው ቦታ። አነበበና ቀጥ አለ።

«ይሄማ ሌላ ማዘርቦርድ ነው!» አለ።

‹አየህ፣ አፍህ ያዘህ!› አልኩ በሆዴ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅሁት፦ «ለተቃጠለ ፕሮሰሰር ሌላ ማዘርቦርድ ምን ይፈይድለታል፣ ጋሼ?»

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው «የጠየቀችህን መልስ እንጂ» አሉት። ፕሮሰሰሩን ከእጁ ወስጄ ራሴ ገጠምኩት። ማሽኑ በራ። አባ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው «ይኸው ሠራ እኮ» አሉ።

እሱ ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ሰዓት እንዴት እንደጣመኝ ልዋሽ አልችልም። ኩም ሲል፣ ከንፈሩን ሲልስ፣ ሰርተፊኬት ያለው ሰው መሬት ሲያይ ጠገብኩት። ከዚያ ድንገት ብድግ አለና ጮኸ።

«ምነው ሁሉ እኔ ላይ! እኔ በሳምንቱ ነጋዴው ዘንድ ደውዬ አጣርቻለሁ፤ ቦርዱ አይቀበለውም አለኝ። ያንኑ ቀን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ! ልንገራት ወይ ብዬዋለሁ። ‹ተወው፣ ሱቅ መክፈትህ ገና ነው፣ ስምህ ይበላሻል። እሷ እቤት ናት፣ ምን ትሆናለች› ያለኝ እሱ ነው! ይኸው አጠገብሽ ተቀምጧል፣ ጠይቂው!»

ክው አልኩ። ዞር ብዬ ባሌን አየሁት። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ያሽከረክረዋል። ውሸት ነው አላለም።

«ለሰላም ብዬ ነው» አለ በዚያ በማይሰማ ድምፁ።

በሳምንቱ! ተማሪው ፍላሹን ከእጄ ሲወስድ ያውቅ ነበር። አቃጣይዋ ስባል ያውቅ ነበር። ትከሻዬን እያሻሸ ተይው ሲለኝ፣ በዝናብ ደምበጫ ስሄድ፣ ያን ማሽን ተሸክሞ ሲያመጣልኝ ያውቅ ነበር። እሷ እቤት ናት፣ ምን ትሆናለች።

ሽማግሌዎቹ ብዙ ታስለምነናለች ብለው ተዘጋጅተው ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ የባሌን ወንድም ጉልበት ስሜ፣ «ጋሼ፣ እሑድ ዛፉ ሥር እውነቱን ይናገሩልኝ፤ ከዚያ በኋላ ይቅር ብያለሁ» አልኩት። ሁሉም ገረማቸው። ከልቤ ነበር። እሱማ ባዳ ነው፤ የባዳን በደል ይቅር ማለት ቀላል ነው።

አባ መስቀላቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ሌላ በሆድሽ ያስቀረሽው አለ?» አሉኝ።

ባሌ መሬት መሬቱን ያያል።

«የለም አባ» አልኩ።

እሑድ ተናገረ። ቃል በቃል፣ ጮክ ብሎ፣ እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ። ደንበኞቼ ተመለሱ፤ ያ ጨዋ ተማሪም ፍላሹን ይዞ መጣ። በዓመቱ ኮሌጁ አጠገብ ሰፋ ያለ ቤት ተከራይቼ አዳዲስ ማሽኖች አስገባሁ፤ ቦርዱንም ፕሮሰሰሩንም አንድ በአንድ አስተያይቼ። ፈቃዱን በእኔ ስም ብቻ አወጣሁ። ባሌ አዲሱ ጽሕፈት ቤት መከፈቱን የሰማው ከመሥሪያ ቤት ጓደኛው ነው። ማታ እቤት መጥቶ በሩ ላይ ትንሽ ቆመ፤ አልጠየቀኝም፣ አልነገርኩትም። ራቱን አቀረብኩለት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ምንም ነገር አማክሬው አላውቅም። ሲያወራ እሰማለሁ፣ ሲታመም አስታምማለሁ፣ ሸሚዙን እተኩሳለሁ። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ሲድሩ እኛን ያሳዩዋቸዋል፤ «እነዚህን ተመልከቱ፣ አንድ ቀን እንኳ ድምፃቸው ተሰምቶ አያውቅም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ተጣልተን ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ መጥቶ ያስታርቀን ነበር።